ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ዑምኩልሱም ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መጣች፤ የበረዶ ሣጥኗን ታቅፋ። እህቷ ሰዓዳ ከጅዳ በሰው እጅ ስድስት መርፌ ልካላታለች። በየሁለት ሳምንቱ አንድ፣ የሦስት ወር ቀለብ። «እትዬ መስታወት፣ ልጆቼን ተረከቢኝ» ብላ ሣጥኑን ባንኮኒው ላይ አኖረችልኝ። ሳቅኩ። እዚህ መድኃኒት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ እንደሷ የሚያስቀኝ ሰው አልገጠመኝም። ባለቤቱ አቶ አያሌው እንደሆነ ሐኪም ካላዘዘለት አይስቅም።

መርፌዎቹን ፍሪጁ ውስጥ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከኋላ ግድግዳው አስጠግቼ ደረደርኳቸው፤ በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ሙቀት እንዳያገኛቸው። ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ነው ደንቡ። አንዱን አስቀርቼ ግማሽ ሰዓት ባንኮኒው ላይ አቆየሁትና ጭኗ ላይ ወጋኋት። ወፍራም እስክሪብቶ የሚመስል ነገር ነው። ጫፉን ቆዳ ላይ ደግፎ ቁልፉን በአውራ ጣት መጫን ብቻ ነው ሥራው። የሷ አውራ ጣት ግን እምቢ ይላል። ከጅዳ ስትመለስ ሁለት እጇ ተጨብጦ፣ አንጓ አንጓዋ አብጦ ነበር። በዚህ መርፌ ጣቶቿ ተፈተው ዛሬ ሐይቁ ዳር አሳ እየበለተች ትሸጣለች፤ ያ አንድ አውራ ጣት ነው የቀረው።

መርፌው እስኪለዝብ ያለችው ግማሽ ሰዓት የወሬ ናት። ለሷ ብዬ ከጓዳ አንድ ወንበር አውጥቼ ከግድግዳው አስጠግቻለሁ። ሐሙስን መጠበቅ ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ። በአርባ ሦስት ዓመቴ ቀን እቆጥራለሁ፣ አያሳፍርም?

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

ዛሬ የመርፌ ቀን አይደለም። መጣች ግን። ቆሮሶ አሳ በላስቲክ ይዛልኝ። «ጾም ነው» ብላት «አሳ ይበላል የሚሉ ቄስ አሉ፣ እነሱን ፈልጊ» አለችኝ።

«እትዬ፣ ይሄ መርፌ ግን ምኔን ነው የሚያክመው? ጅዳ ሐኪሙ በዓረብኛ ሲነግረኝ ነዓም ነዓም ብዬ ወጣሁ፣ ወላሂ አንድ ነገር አልገባኝም።»

ነገርኳት። ሰውነታችን ውስጥ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኞች አሉ። ተሕዋስ ሲገባ «ተነሱ፣ መጣባችሁ» እያሉ ይጣራሉ፤ መከላከያው ይነሳል፣ ቦታው ያብጣል፣ ይግላል። ያንቺዎቹ ግን ማንም ሳይመጣ ይጣራሉ፤ መከላከያሽም ተነስቶ የሚመታው ሲያጣ የራስሽን አንጓ ይመታል። መርፌው አንቲቦዲ ነው፤ ከሚጣሩት ዋናውን፣ ቲኤንኤፍ የሚሉትን፣ ለይቶ ይዞ ዝም ያሰኘዋል።

«ያለ ነገር ኡኡ የምትል ጎረቤት እኛም አለችን፤ ለሷ አይሆንም?» አለች።

ለሷ አይሆንም አልኳት። ፕሮቲን ነው፣ ስስ ነው፣ ሙቀትም ውርጭም ያበላሸዋል፤ አንዴ በረዶ ከነካው ቢቀልጥም ፋይዳ የለውም። ይህን ስል አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት በስልኳ አነሳችው። ለሰዓዳ ልትልክላት ነው፤ «ይኸው እንዲህ ነው የሚጠበቁልኝ እላታለሁ» አለች።

ልትሄድ ስትል ገናን እነሱ ቤት እንድውል ጠየቀችኝ። «እናቴ ላንቺ ብላ የክርስቲያን ሥጋ ታስመጣለች፣ ሥራው የሷ ነው፣ ያንቺ መምጣት ብቻ ነው።» ውጫሌ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ አልኳት። ወንድሜ ምስክር አልጠራኝም። እንደሚጠራኝ ግን አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ በመጨረሻው ሰዓት ነው የሚደውለው።

ታኅሣሥ 28፣ ሰኞ

በጥድፊያ። መብራት ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ አሁን ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ቴርሞሜትሩ 11። የፍሪጁን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው፣ ሰባት ላይ አዞርኩት፤ ያጣውን ቶሎ ይካስ። ነገና ከነገ ወዲያ ዝግ ነን። ወረቀቱን ሞልቼዋለሁ፦ ማክሰኞ ጠዋት 4፣ ከሰዓት 5፤ ረቡዕ ጠዋት 5፣ ከሰዓት 4። ለበዓል ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። አቶ አያሌው ራሱ ነው ያስተማረኝ፤ «ተቆጣጣሪ ባዶ ቦታ አይወድም» ይላል።

ምስክር አልደወለም። ቢሆንም እሄዳለሁ፤ የእናት ልጅ ቤት ለመሄድ ጥሪ ያስፈልጋል እንዴ? አከራዬ ወይኒቱ ቦርሳዬን አይታ «ታድለሽ፣ ወንድም ያለው ሰው» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ። ውጫሌ

የምስክር በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

ጎረቤቱ ወጥታ «ቅዳሜ ደሴ ወረዱ እኮ፣ የሚስቱ ቤተሰቦች ጋ ነው የሚውሉት። አልነገሩሽም?» አለችኝ።

«ነግረውኛል፣ እኔ ነኝ የረሳሁት» አልኩ። ግቢና ጠጅ ቅመሺ አለችኝ፤ መኪና እየጠበቀኝ ነው አልኳት። መኪና የለም።

መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዣለሁ። ሐይቅ ከተማ ለመመለስ አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ ሚኒባስም አለ፤ ጥያቄው መኪና አይደለም። ዛሬ ብመለስ ወይኒቱ ደጅ ላይ ቆማ «ምነው?» ትለኛለች። ያን «ምነው» የምሰማበት ጉልበት የለኝም። ሐሙስ ጠዋት ከበዓል እንደተመለሰ ሰው እገባለሁ። ታች ቡና ቤቱ ውስጥ ክራር ይመታሉ፤ አምባሰል ነው፣ በገዛ አገሩ። ተኝቼ አዳመጥኩት።

ታኅሣሥ 30፣ ረቡዕ

ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ብርቱካን ገዛሁ፣ ሁለት ኪሎ። አንዱን ለወይኒቱ፣ አንዱን ለዑምኩልሱም፤ የወንድሜ ሚስት ላከችላችሁ እላለሁ።

ፍሪጁ ሰባት ላይ ነው። ጠዋት ትዝ አለኝ። ያረጀ ፍሪጅ ነው፣ አይጎዳም።

ጥር 1፣ ሐሙስ

ፍሪጁ ትንሽ በርዶ አገኘሁት። የመጠጥ ውሃዬ ጠርሙስ ዙሪያውን በረዶ ይዟል። ማስተካከያውን ወደ ሦስት መለስኩት። የዓይን ጠብታዎቹን ለጥንቃቄ ጣልኳቸው። ኢንሱሊን ካለቀብን ሳምንት አልፏል፣ ተመስገን ነው።

መርፌዎቹ ካርቶን ውስጥ ናቸው፤ ካርቶን ይከላከላል። አንዱን ግማሽ ሰዓት ባንኮኒው ላይ አቆይቼ አየሁት። ፈሳሽ ነው፣ ንጹሕ ነው። ደህና ናቸው።

ዑምኩልሱም በሰዓቷ መጣች። ወጋኋት። ብርቱካኑን ስሰጣት «የወንድምሽ ሚስት እኔን የት ታውቀኛለች?» አለች። ሁልጊዜ አወራላታለሁ አልኳት። ደስ አላት፣ አንዱን እዚያው ልጣ በላች። በገዛ ጣቷ ነው የላጠችው።

ጥር 8፣ ሐሙስ

አቶ አያሌው ግድግዳው ፊት ቆሞ «የመስታወት ወረቀት እንዴት ያምራል፤ መብራት ከጠፋ ቀን በቀር ከአምስት ዘልቆ አያውቅም» አለ። ለወትሮው ደስ ይለኝ ነበር። ውሃ ልጠጣ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ጥር 15፣ ሐሙስ

ወጋኋት። ከጥምቀት ወዲህ ጠዋት ጠዋት እጇ እንደሚገተር ነገረችኝ። ፀሐይ እስኪሞቅ ጣቶቿ አይታጠፉም።

ብርዱ ነው አልኳት። የሐይቁ ነፋስ በዚህ ወር ለጤነኛውም አይሆንም። ብርድ አንጓን ግትር እንደሚያደርግ ማንም ያውቃል።

ጥር 23፣ ዓርብ

ሁለት ሴቶች የሳል ሽሮፕ እየገዙ ያወራሉ። «ያቺ የጅዳዋ፣ እጇ ተመለሰባት አሉ።» «ዓይን ነው። ሳቋ በዛ።» ሽሮፑን ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። የዋጋውን መልስ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ጥር 29፣ ሐሙስ

ውሃ ሰጠኋት። ብርጭቆው ከእጇ አመለጠና ተሰበረ። «እኔን!» ብዬ ጎንበስ ስል እሷ ቀድማኝ ስብርባሪውን ልትለቅም ሞከረች፤ ጣቶቿ አልያዙላትም። መሬት ላይ ሁለታችንም ተቀምጠን ቀረን።

«ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ» አለች። «ዳንኩ ብዬ ጠገብኩ። ሌሊት ሁሉ በረዶ ውሃ ውስጥ እጄን እየነከርኩ አሳ እበልት ነበር። አላህ የሰጠኝን እኔው አበላሸሁት።»

አይደለም አልኳት። «ታዲያ የማን ነው?» አለችኝ።

አብሽሪ፣ ያልፋል አልኩ። ወጋኋት። ቢላዋዋን ለወንድሟ ለሀሚዱ ሰጥታዋለች፤ ከሰኞ ጀምሮ ሐይቁ ዳር አልወጣችም። እናቷ ናት ፀጉሯን የምታበጥርላት። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ባንኮኒውን እወለውል ነበር። ንጹሕ ባንኮኒ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ደሴ ሐኪም ጋ ሄዳ ተመለሰች። አብረሽኝ ሂጂ ብላኝ ነበር፤ ሱቁን ማን ይይዛል አልኳት። አቶ አያሌው ይይዝ ነበር።

በቀጥታ ከመኪና ወርዳ እኔ ዘንድ መጣችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሐኪሟ እጇን አይታ ራሷን ነቀነቀች። አንዳንዴ ሰውነት መድኃኒቱን ራሱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ የራሱን አንቲቦዲ ይሠራበታል፣ ከዚያ በኋላ አይሠራም ብላታለች። ከዚህ ሌላ ደግሞ እዚህ የሚገኝ የለም።

«ከዚያ የት ነው የሚቀመጠው አለችኝ» አለች ዑምኩልሱም። «እኔም ኮራ ብዬ፣ እትዬ መስታወት ዘንድ፣ በቀን ሁለቴ የምትለካው ብዬ የወረቀትሽን ፎቶ አሳየኋት። የገናውንም ሳምንት ሳይቀር፤ ጥር ላይ ደግሜ አንስቼው ነበር። አየችና፣ እንዲህ ከሆነማ ችግሩ ከአያያዝ አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው የከዳሽ አለችኝ።»

እኔ ወደ ፍሪጁ ዞሬ በሩ መዘጋቱን አየሁ።

ሰዓዳ የምትልክበት ሰው ከጅዳ የሚነሣው የካቲት 15 ነው። ሐኪሟ ለእህትሽ ንገሪያት፣ በከንቱ አትድከም ብላታለች። ዑምኩልሱም እስከሚቀጥለው የመርፌ ሐሙስ ላስብበት ብላ ነው የወጣችው። በሩን ልትከፍት ስትል እጀታውን በሁለት መዳፏ ገፋችው።

የካቲት 9፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከደጅ ተመለስኩ። ቀኑን ሙሉ ክፍሌ ውስጥ ነኝ። ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት።

የጥር አንዱ ላይ ስደርስ ዘጋሁት። ከዚያ ከፈትኩት። ውሸት ነው። ለወረቀቱ መዋሸቴ ሳይበቃኝ ማንም ለማያነበው ደብተር ዋሸሁ። እንዲህ ያለ ሰው ከማን ጋር ነው እውነት የሚነጋገረው?

እንዲህ ነበር። የውሃ ጠርሙሴ ዙሪያውን በረዶ የያዘ አልነበረም፤ እስከ ውስጡ ድንጋይ ሆኖ ከታቹ ተሰንጥቋል። የፍሪጁ የኋላ ግድግዳ በሁለት ጣት ውፍረት በረዶ ለብሷል። የመርፌዎቹ ካርቶን በረዶው ላይ ተጣብቆ ነበር። ሳላቅቀው ጀርባው ተቀደደ። መርፌው መስኮት አለው፤ አየሁት፣ ውስጡ ነጭ ነበር። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች አምስት ይል ነበር። ካርቶኑን በሌላ ካርቶን ቀየርኩት። ጠርሙሱን ከሱቁ ጀርባ ጣልኩት። ይህን ሁሉ ያደረግኩት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ እሷ ልትመጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀራት። ያን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይቀልጣል፣ ይቀልጣል ስል ቆየሁ። ቀለጠ። እኔም ደህና ነው አልኩ።

ሳይበላሽ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። የሁለት ብር የዓይን ጠብታ ለጥንቃቄ የጣልኩ ሴት የሷን ማስቀረቴ ለምንድን ነው? ስለማይተካ ነው፣ አንድ። ብናገር ደግሞ «የት ነበርሽ?» መባሌ ነው። ውጫሌ። ወንድምሽ ጋ? የተቆለፈ በር ጋ። አንድ ሰዓት በማይፈጅ መንገድ ላይ፣ አልጋ ላይ ተጋድሜ ክራር እያዳመጥኩ። እሱን ነው የደበቅኩት። ፍሪጁ ተከትሎ መጣ።

ሦስት ጊዜ የሞተ መድኃኒት ወጋኋት። እውነተኛው መድኃኒት አልከዳትም፤ የከዳኋት እኔ ነኝ። ዝም ካልኩ ሰዓዳ አትልክም፣ እጇ ደግሞ እንደተጨበጠ ይቀራል። ብናገር ሐሙስ የሚባል ነገር አይኖረኝም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳስብ መዋሌ ራሱ ያሳፍራል።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ነገርኳት።

መርፌ አላወጣሁም። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ «ዛሬ አይለዝብም እንዴ?» አለች። ቆሜ ነው የነገርኳት። መብራቱን፣ ማስተካከያውን፣ ወረቀቱን ቀድሜ መሙላቴን፣ በረዶውን። መድኃኒቱ አልከዳሽም፣ ሰውነትሽም አልጠላውም፣ እኔ ነኝ ያቀዘቀዝኩት፤ ለሰዓዳ ዛሬውኑ ደውዪ፣ ትላክልሽ አልኳት። ለሐኪሟ የጻፍኩትን ወረቀት ሰጠኋት፤ ስሜና ፊርማዬ አለበት።

ወረቀቱን በሁለት መዳፏ ይዛ አነበበችው።

«ጠዋት ጠዋት እናቴ እያለቀሰች ነው የምታበጥረኝ» አለች። «ኃጢአቴን ስቆጥር ነው የከረምኩት እትዬ። አንድ በአንድ።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ፊት ነው የቆጠርኩት።»

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ። «ብርቱካኑስ? ከማን ነበር?»

«እኔ ነኝ የገዛሁት። ወንድሜ ቤት አልነበረም። አልጋ ይዤ ነው ያደርኩት።»

አየችኝ። ዓይኗ ሲሞላ አየሁ፤ የተቆጣችው በፍሪጁ መስሎኝ ነበር። «እኛ ቤት ብትውይ ምን ነበረበት?» አለች። «እናቴ ሥጋ አስመጥታ ነበር እኮ። ምናልባት ትመጣ ይሆናል ብላ እስከ ማታ ጠበቀችሽ።»

የበረዶ ሣጥኗን አነሳች። የግድግዳውን ቴርሞሜትር ነቅዬ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩላት፤ «አዲሱ ሲመጣ የትም አስቀምጪው፣ ጠዋትና ማታ እይው፤ ከሁለት ካነሰ ወይም ከስምንት ካለፈ ደውዪልኝ» አልኳት። በሩን እኔ ከፈትኩላት፤ እጇ አይችልም።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ወረቀቱ ላይ ታኅሣሥ 29ን እና 30ን ሰርዤ «አልተለካም» ብዬ ጻፍኩ። ጥር 1 ጠዋት፦ ከዜሮ በታች 5። ለአቶ አያሌው አሳየሁት።

«አብደሻል? ቅደጂው!» አለ። እምቢ አልኩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ልጅቷ ትከሰናለች ወይ አለኝ። አላውቅም አልኩት። እጇ እንዴት ሆነ ብሎ አልጠየቀኝም። ከፋሲካ በኋላ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ አለ። ቀድሞ መሙላትን ያስተማርከኝ አንተ ነህ ልለው ነበር፣ ተውኩት። የሞላሁት በኔ እጅ ነው።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ረመዳንም ዐቢይ ጾምም ገብቷል። ከተማው ሁሉ ጾመኛ ነው፣ ጠዋት ሱቁ ጭር ይላል። ሦስት ሰዓት ላይ በሩን አየሁ። አራት ሰዓት ላይ ወንበሩን ወደ ጓዳ መለስኩት። ትንሽ ቆይቼ መልሼ አወጣሁት።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

የዑምኩልሱም አጎት ዑበይዱላህ ለሚስቱ የደም ግፊት መድኃኒት ሊገዛ መጣ። መስጊዱ ፊት ለፊት ለስላሳ የሚሸጥ ሰው ነው። ሰላምታውን አሳጠረው። ከዚያ ሲወጣ ዞሮ «የልጅቱ መርፌ መጥቷል፤ ለስላሳዬን አስወጥታ ፍሪጄን ወርሳዋለች። ዛሬ ጤና ጣቢያ ነርሷ ወጋቻት» አለኝ። ተናዶ ይሁን አዝኖ አልለየሁም።

አሥራ አንድ ዓመት መድኃኒት የጠበቀ ፍሪጅ ባዶ ሆኖ እሷ የለስላሳ ፍሪጅ ታምናለች። እውነቷን ነው።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ማንም።

ወደ ሐይቁ ወርጄ ነበር። ሀሚዱ ነው አሳ የሚበልተው። ከሩቅ ቆሜ ተመለስኩ።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት። ሰላምታ የለም። «አሥራ አንድ ይላል። መብራት ከሄደ ቆየ፣ አሁን መጣ። አጎቴ ማስተካከያውን መጨረሻ ላይ ላድርገው እያለ ነው።»

«እንዳትነኩት!» ብዬ ጮህኩ፤ አንድ ደንበኛ ደነገጠ። «አትንኩት በያቸው። ባለበት ይቆይ። ካርቶኑን ከኋላ ግድግዳው አርቂው፣ መሀል ላይ አድርጊው። የአንድ ቀን ሙቀት አይገድለውም። የሚገድለው በረዶ ነው።»

«ከበረዶ ነው የሚሞተው» አለች፣ ለአጎቷ እየነገረች። ለኔ አይደለም። ዘጋችው።

ማታ ከማፍጠሪያ በኋላ እንደገና ጮኸ። «ስድስት» አለችና ዘጋችው። አዲስ ወረቀት አስምሬ ስድስት ብዬ ጻፍኩ።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ጠዋት አምስት። ማታ አራት። ሌላ ቃል የለም። እንዴት ነሽ ልላት አፌን ስከፍት ይዘጋል። ደህና፣ መብቷ ነው። ነገ ዒድ ነው። ወይኒቱ «ለዒድ ሐይቅ ውስጥ የምትጠሪበት የለም?» አለችኝ። የለም አልኳት። የለም ማለት ይህን ያህል ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ጠዋት አምስት። ማታ አልደወለችም። ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። ባትሪው ሞልቷል፣ ኔትወርክ አለ፣ ድምፁ ተከፍቷል፤ ሦስቱንም ደጋግሜ አየሁ። ባዶ ቦታውን ባዶ አድርጌ ተውኩት።

መጋቢት 29፣ ሰኞ

«ትናንት ማታ ካርዴ አልቆ ነው፤ አምስት ነበር። ዛሬ ጠዋት አራት።» መብራት ከጠፋ ቀን ወዲህ ይህን ያህል ረጅም ነገር ነግራኝ አታውቅም።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ለሚተካኝ ልጅ ሥራ ማስረከብ ጀመርኩ። ማዕረግ ትባላለች፣ ገና ከኮሌጅ መውጣቷ ነው። ወረቀቱን አሳየኋት። ስለ በዓል ቀን ጠየቀችኝ፤ «ያላየሽውን አትጻፊ» አልኳት። «ባዶ ይሁን?» «ባዶ ይሁን።» የተሰረዘውን መስመር አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፣ የአልጋውን ሳይቀር። ወንበሩ የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለደንበኛ ነው አልኩ።

ዛሬ የመርፌ ቀን ነበር። ነርሷ ለፋሲካ ፈቃድ ወጥታለች ሲሉ ሰምቼ ቀኑን ሙሉ በሩን ሳይ ዋልኩ። አውራ ጣቷ አይችል፣ ነርስ የለ፣ ማን ይወጋታል? ትመጣለች አልኩ። ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት። ማዕረግ «የምትጠብቂው ሰው አለ?» አለችኝ።

ቤት ከገባሁ በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«አምስት» አለች።

«እሺ» አልኩ። እንደሚዘጋ ስለማውቅ ከጆሮዬ ላነሳው ነበር። አልተዘጋም። ትንፋሿ ይሰማኛል። ከኋላዋ እናቷ ትስቃለች፣ ምን እንደሚያስቃት አልገባኝም።

«ራሴ ወጋሁት እትዬ» አለች። «አውራ ጣቴ ተጫነችው።»

ከዚያ ዘጋችው። እኔም ወረቀቴ ላይ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር።